በኖራ የተቀቡ ድንጋዮች

ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ተነሳ። ክረምቱን ሙሉ ተበላሽቶ የቆመው የአቶ አብዱላሂ የጭነት መኪና ጥቁር ጭስ ሲተፋ፣ የአሰበ ተፈሪ ገበያ ዳር ልጆች በጩኸት ሰፈሩን አናጉት። ሞሚና የአባቷን የጋቢና በር ይዛ ትዘላለች። ጓደኛዋ ዘርፈሽዋልም አብራት ልትዘል ስትል የራሷን አባት የአቶ ጀምበሩን ድምፅ ሰማችና ባለችበት ቀረች።

«በሕግ አምላክ! እንዳትነቃነቅ።»

አቶ ጀምበሩ በመኪና ማደሪያቸው በር ላይ ቆመዋል። አልጮኹም፤ ተቆጥተው እንኳ ሲጮኹ ሰው ሰምቷቸው አያውቅም። አቶ አብዱላሂ መሪውን እንደጨበጡ አዩዋቸው። መንገዱ ክፍት ነው። ነዳጅ ቢረግጡ ሚኤሶ እስኪገቡ የሚይዛቸው አልነበረም። ግን በሕግ አምላክ ተብሎ እየሰማ የሚሄድ ሰው፣ ጥፋተኛነቱን በራሱ አፍ የመሰከረ ያህል ነው። ሞተሩን አጠፉ።

«ምን አጠፋሁ አቶ ጀምበሩ?»

«የማቆሚያ ሂሳብ ነዋ። ሐምሌና ነሐሴን በማደሪያዬ አቁመህ፣ ደህና ዋል እንኳ ሳትል ልትሄድ?»

«በማደሪያህ? እኔ ሜዳው ላይ ነው ያቆምኩት! ዕቃ ፍለጋ ድሬዳዋ ስወርድ መኪናዬ ከድንጋዩ ወዲያ ነበረ። ወላሂ!»

አቶ ጀምበሩ በከዘራቸው ወደ መሬት አመለከቱ። ማደሪያውን ከሜዳው የሚለዩት ድንጋዮች በኖራ ነጥተው ተደርድረዋል። መኪናው ከነርሱ ወዲህ፣ ከነሙሉ አካሉ በማደሪያው ውስጥ ነው።

«ድንጋዩ ያውልህ» አሉ። «አፍ ቢኖረው ይነግርህ ነበር።»

አቶ አብዱላሂ ከጋቢናው ወርደው ድንጋዮቹን ቁልቁል ሲያዩ ቆዩ። የገዛ ዓይናቸውን የተጠራጠሩ ይመስላሉ። ሰውየው ሐቀኛ ናቸውና፣ ተሳስቼ ይሆን ብለው መጀመሪያ የመረመሩት ራሳቸውን ነው።

ዘርፈሽዋል ግን አልተጠራጠረችም። ድንጋዮቹን የቀባቻቸው እሷ ናት፤ ያውም ሁለት ጊዜ። መጀመሪያ በግንቦት፣ አባቷ ቦታውን ከማዘጋጃ ቤት ተከራይተው ሲያጥሩ። ሁለተኛው በነሐሴ፣ ከትልቅ ዝናብ በኋላ ነበር። የዚያን ዕለት አባቷ ዲጂኖ ይዘው፣ ከወገባቸው ታጥፈው፣ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ወደ ሜዳው እየፈነቀሉ አንከባለሉ። ከዚያ ጠሯት።

«ዝናቡ አጥቧቸዋል፤ ቀባ ቀባ አድርጊልኝ።»

«አባባ፣ የሞሚና አባት መኪና ወደ ውስጥ ገባ እኮ» ብላ ነበር።

ያን ጊዜ ራሷን ዳበስ አደረጓት። «ጎበዝ ልጅ ወሬ አታበዛም» አሉ። እሳቸው እንዲህ አይዳብሱም ነበርና ዘርፈሽዋል ደስ አላት። እየዘፈነች ነው የቀባቻቸው። አሁን ያ ደስታ ትዝ ሲላት፣ ኖራው ዛሬም ያለ ይመስል እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

ማታውኑ ሰፈሩ ሁሉ ወሬውን ያዘ፤ ግን ጮክ ብሎ የሚያወራ አልነበረም። አቶ ጀምበሩ እራታቸውን እየበሉ ለእናቷ ለእቴነሽ ነገሩን አጫወቷት፤ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብለው።

«ዛሬ ቢከፍለኝማ ምን አተረፍኩ? አይችልም፣ አይከፍልም። ይቁም። በቆመ ቁጥር ሂሳቡ ይወልዳል። ለገና ቁልፉን በገዛ እጁ ያመጣልኛል።»

ዘርፈሽዋል የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ ሰሃኑ ላይ አኖረች። ሂሳቡ ማጥመጃ ኖሯል፤ የተፈለገው መኪናው ነው።

እናቷ ሰሃኑን ስታነሳ ክንዷን ጠበቅ አደረገቻት። «ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ» አለች በጆሮዋ። ለምን እንዳለቻት ዘርፈሽዋል ታውቃለች። ታላቅ ወንድሟ አምባው ባለፈው ዓመት በአንድ ሹፌር ጉዳይ «ይሄ ግፍ ነው» ብሎ ለአባቱ መለሰ። አቶ ጀምበሩ አልመቱትም። ልብሱን አጣጥፈው በር ላይ አስቀመጡለት። ከዚያ ወዲህ አልጋው ተሸጧል፣ እናቷም የምታለቅሰው አባቷ ከቤት ሲወጡ ነው።

እራት ከተነሳ በኋላ ሞሚና በአጥሩ በኩል ጠራቻት። «ዘርፌ! ኮቱ፣ ነይ እስቲ።»

ዘርፈሽዋል እግሯን እየጎተተች ሄደች።

«ነገሩ ዳኛ ዘንድ ደርሷል፤ ነገ ጠዋት ቦታውን ሊያዩ ይመጣሉ» አለች ሞሚና። «አባቴ ምስክር የለውም። የለመነው ሰው ሁሉ ‹አላየሁም› ይለዋል። መኪናው ከተያዘ ገለምሶ አያቴ ጋ እንገባለን፣ ጫት ለቀማ። እኔም ትምህርት አለቀልኝ።»

«ሰባተኛ ክፍልን ሳትጨርሺ?»

«በምን ልጨርስ? አቦ፣ የምንበላው ከዚያች መኪና ነው እኮ!» ሞሚና ፊቷን ወደ አጥሩ አስጠጋች። «ያንቺ ቤት ፊት ለፊቱ ነው። አባትሽ ናቸው፣ አውቃለሁ። ግን ድንጋዩ ሲነሣ አላየሽም? ምንም?»

«አላየሁም» አለች ዘርፈሽዋል።

ሞሚና ፊቷን ከአጥሩ አነሳች። ከዚያ «እሺ» ብላ ሄደች። ብትሰድባት ይሻላት ነበር።

በማግስቱ ሰማዩ ጠቁሮ ነጋ። ዳመናው ከተራራው ወርዶ የቤቱን ቆርቆሮ ሊነካ ምንም አልቀረው። የአጥቢያው ዳኛ ግራዝማች ሽፈራው ከመኪናው አጠገብ በርጩማ ተደርጎላቸው ተቀመጡ። ሕዝቡ ከበበ።

«ዋስ ጥሩ» አሉ።

አቶ ጀምበሩ ዞር ሳይሉ ሁለት ሰው ወጣላቸው። አቶ አብዱላሂ በሕዝቡ ላይ ዓይናቸውን አዟዟሩ፤ ባዩት ፊት ሁሉ ሰው ወደ መሬት ያቀረቅራል። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ባለ ሻይ ቤት ወደ ፊት ወጥቶ «እኔ አለሁለት» አለ። አቶ ጀምበሩ ሰውየውን አይተው በትሕትና አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ። ያን ያየ ሁሉ ከሻይ ቤቱ ሰውዬ ጥቂት ራቅ ብሎ ቆመ።

ግራዝማች ድንጋዮቹን በጫማቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉ። «ድንበሩ ግልጽ ነው። አብዱላሂ፣ ተነሥቷል ካልክ ሲነሣ ያየ ምስክር አለህ?»

«አላህ አይቷል፣ ግራዝማች።»

«ለአላህ መጥሪያ አልሰድም። ሰው ነው የምጠይቅህ።»

የሳቀ አልነበረም። የአቶ ጀምበሩ ዓይን ከፊት ወደ ፊት እየዞረ መጣ፤ ቀስ ብሎ፣ በግ እንደሚቆጥር ሰው። ዘርፈሽዋል ላይ ሲደርስ ቆመ። ፈገግ አሉላት።

«ዘርፌ፣ ደወሉ ተደውሏል። ትምህርት አይረፍድብሽም?»

ድምፃቸው ለስላሳ ነው። ሰዉ መንገድ ከፈተላት፤ መውጫው ከፊቷ ነው። ደብተሮቿን ደረቷ ላይ አጥብቃ መራመድ ጀመረች። ማንም አይጠይቃትም፣ ማንም አይወቅሳትም። ማታ ቤቷ ገብታ እራቷን ትበላለች፤ አልጋዋም እንዳለ ይቆያታል። በጣም ፈራች። እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

ሞሚና ከመንገዱ ዳር ቆማለች። ዘርፈሽዋልን አላየቻትም፤ የምታየው የአባቷን እጅ ነው። አቶ አብዱላሂ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ይዘዋል።

ዘርፈሽዋል ደብተሮቿን ለሞሚና አቀበለቻት።

«ያዥልኝ።»

«ማል? ምን ሆነሻል?» አለች ሞሚና።

አልመለሰችላትም። ዞራ በተከፈተላት መንገድ ተመለሰች፤ ወደ አባቷም አላየችም። ግራዝማች ሽፈራው ፊት ስትደርስ ዝናቡ ጠብ ጠብ ማለት ጀምሮ ነበር።

«ምን ፈለግሽ አንቺ?»

«ምስክር ነኝ።»

«ለማን?»

«ለጋሽ አብዱላሂ።»

ከሕዝቡ መሃል አንዲት ሴት እንደ መቃተት ያለ ድምፅ አሰማች። እናቷ መሆኗን ዘርፈሽዋል ዞር ሳትል አወቀች።

ግራዝማች ልጅቷን አተኩረው አዩ። ከዚያ ባለ ማደሪያውን አዩ፣ መልሰውም እሷን። ሥርዓት ነውና የግድ መጠየቅ አለባቸው።

«ስምሽን ከነአባትሽ ተናገሪ።»

«ዘርፈሽዋል» አለች። ዝናቡን ከፊቷ ጠረገች። «ዘርፈሽዋል ጀምበሩ።»