ያልተለቀሙት ድንጋዮች

መብራቱ አይመጣም፤ አትጠብቁት። ጠጋ ጠጋ በሉና አንድ ነገር ላውራችሁ። እናንተ ሾፌሮች ደግሞ ሳቁን ተዉትና ዝም በሉ፤ ወሬው ስለ እናንተ ነው።

ጊዜው ድሮ ነው። ሰዓቱ እንዲህ እንደ አሁኑ፣ ጅብ እንኳ ጮሆ የሚደክምበት ሰዓት ነው። መንገዱ ፒስታ ነው፤ በአንድ በኩል ገደል፣ በአንድ በኩል ጫካ። የመንደሩን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ነገ በዚያ አታልፉም።

በዚያ መንገድ አዳሙ የሚባል ሾፌር አሮጌ የጭነት መኪናውን ይዞ ይመጣል። ብቻውን ነው። ጠመዝማዛው ላይ ሲደርስ ሞተሩ ተንገጫገጨና ቀጥ አለ። ቁልፉን አዞረ፤ ያጓራል እንጂ አይነሳም። ደግሞ አዞረ። አይነሳም።

መኪና መንገድ ላይ ሲቆም መጀመሪያ ምን ይደረጋል? የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ንገሩኝ እስቲ። አዎ። ከኋላ ድንጋይ ይደረደራል፤ ቅጠል ይጣላል፤ የሚመጣው ሰው ከሩቅ አይቶ እንዲጠነቀቅ። ከዚያ በኋላ ነው ኮፈን የሚከፈተው። አዳሙ ግን ከጋቢናው አልወረደም። ለምን አልወረደም? ቦታውን ስለሚያውቀው ነዋ።

ክረምት ሳይገባ እዚያው ጠመዝማዛ ላይ መኪናው ቆሞበት ነበር። ያን ጊዜ ወርዶ ድንጋይ ደረደረ፤ ትልልቅ ድንጋይ። የናፍታው መስመር አየር ስቦ ነበርና አየሩን አስወጣ፤ ተነሳለት። ሲነሳለት ደስ አለው። መሽቶበታል፤ መልሶ እንዳይጠፋበት ፈርቷል። ድንጋዩን ሳይለቅም እብስ አለ። እዚህ ቤት ውስጥ እንዲህ አድርጎ የማያውቅ ሾፌር አለ? ተዉት፤ አትመልሱልኝ።

በዚያው ምሽት ስንሻው የሚባል የከብት ሐኪም፣ ያማጠች ላም አዋልዶ በሞተር ሳይክሉ ሲመለስ ድንጋዩ ላይ ወጣ። ጠዋት ገደል ውስጥ አገኙት። ለእናቱ አንድ ልጅ ነበር።

አዳሙ ሰማ። ሰምቶ ምን አደረገ? ለቅሶ ደረሰ። ድንኳን ውስጥ ከሰዉ ጋር ተቀምጦ ንፍሮውን በላ። ሽማግሌዎች ተነስተው ድንጋዩን የተወ ሰው ካለ ይናገር አሉ። ማንም አልተናገረም። ይሄኔ እናትየዋ፣ እማማ የውብዳር፣ ከተቀመጡበት ተነሱ።

«ልጄን መንገድ ያስቀረውን፣ እሱንም መንገድ ያስቀረው» ብለው ረገሙ።

ሰዉ ሁሉ አሜን አለ። አዳሙስ? ዝም ካልኩ ይታወቅብኛል ብሎ፣ በገዛ ራሱ እርግማን ላይ አሜን አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እህል አልጣፈጠውም፤ እንቅልፍም በዓይኑ አልዞረም። ግን አልተናገረም።

እንግዲህ ያ ሰው ነው አሁን በሩን ቆልፎ ጋቢና ውስጥ የተቀመጠው። መጀመሪያ ድምፅ ሰማ። ኳ። ድንጋይ መሬት ላይ ሲቀመጥ። ደግሞ ኳ። ከኋላ ነው። በስፖኪዮ አየ፤ ጨለማ ነው። ደግሞ ኳ። አሁን ቀረብ አለ። ከዚያ በመኪናው ጎን የሰው ኮቴ ተሰማ፤ አንድ እግሩን የሚጎትት ሰው ኮቴ። ከዚያ ኮፈኑ ተከፈተ።

«ድንጋይ አድርጌልሃለሁ» አለ ድምፁ፤ «ከኋላ የሚመጣ እንዳይገጭህ። ውረድና እንየው።»

ደግ ድምፅ ነው። አዳሙ የመንደሩ ሰው መሰለውና የእጅ ባትሪውን ይዞ ወረደ። ሰውየው ሞተሩ ላይ አጎንብሷል፤ ፊቱ አይታይም። የመኪናውን ባትሪ ሽቦ ፈትቶ ጫፉን ፋቀ፤ መልሶ አሰረ። ፊልትሮውን ነካካ። የናፍታውን ፓምፕ በጣቱ ይገፋ ጀመር። አዳሙ መብራቱን ያዘለት። ብርሃኑ እጁ ላይ ሲያርፍ ጭቃ አየ። ትንሽ ከፍ ሲያደርገው ክንዱ ተሰብሮ ወደ ኋላ ታጥፏል። በተሰበረ ክንድ ነው የሚሠራው። አዳሙ መብራቱን ከዚያ በላይ ከፍ አላደረገውም። እናንተ ብትሆኑ ታደርጉት ነበር?

«አየር ስቧል» አለ ሰውየው። «የእኔዋ ሞተር ሳይክል ምንም አልነበራትም። ድንጋይ ነው የጣለኝ። ማን እንደተወው ታውቃለህ?»

አዳሙ አላውቅም አለ። ሰውየው እሺ ብሎ ሥራውን ቀጠለ፤ ሲጨርስም አስነሳው አለው። አዳሙ ቁልፉን አዞረ፤ አልተነሳም። ሰውየው አልተቆጣም። ተመልሶ አጎነበሰና፣ እናቴ ማታ ማታ ማነው እያለች ትጠይቀኛለች፤ የምነግራት አጣሁ አለ።

አዳሙ ወርዶ መብራቱን መልሶ ያዘለት። ቢሰድበው ይሻለው ነበር። ቢያንቀው ይሻለው ነበር። ሊገድለው የሚገባ ሰው በተሰበረ እጁ መኪናውን ሊያስነሳለት ይደክማል። ይሄ ነው የከበደው።

«እኔ ነኝ» አለ። «ድንጋዩን የተውኩት እኔ ነኝ። ለቅሶው ላይም አሜን ብያለሁ።»

ሰውየው ቀስ ብሎ ቀና አለ፤ ፊቱም ብርሃኑ ላይ ወጣ። ስንሻው ነው። ምን ዓይነት ፊት ነበር አትበሉኝ፤ ለመኝታችሁ አይበጃችሁም።

«እኔ ምሬሃለሁ» አለ። «እርግማኑ ግን የእናቴ ነው፤ የምታነሳው እሷ ናት። አሁኑኑ ሂድና ንገራት።»

አለና አጠገቡ የለም። አዳሙ ገብቶ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ባንዴ ተነሳ። ያን ጊዜ ወርዶ ከኋላ የተደረደረውን ድንጋይ ሁሉ ለቀመ። እያለቀሰ ለቀመ።

ከጠመዝማዛው በታች መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። በግራ የእማማ የውብዳር ቤት ነው፤ ኩራዙ ከሩቅ ይታያል። በቀኝ ከተማው ነው። ወዴት ይሂድ? ግራ ትሉታላችሁ። እኔም ግራ እለዋለሁ። ግን ሰው ነው። እስር ቤቱ ታየው። አብረውት ንፍሮ የበሉት ሰዎች ፊት ታየው። ነገ እነግራቸዋለሁ አለ፤ በቀን፣ ሽማግሌ ይዤ። ብሎ መሪውን ወደ ቀኝ አዞረ።

ብዙም አልሄደ፤ ሞተሩ ጠፋ። የመኪናው መብራትም ጠፋ። ቁልፉን አዞረ። አይነሳም። ወርዶ ድንጋይ ይደርድር? ፈራ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ማን ይወርዳል? በሩን ቆልፎ ጆሮውን አቁሞ ተቀመጠ። ያንን ኳ የሚል ድምፅ ጠበቀ። አሁንስ ናፈቀው። ድምፁ አልመጣም። ከኋላው የመጣው ሲሚንቶ የጫነ መኪና ነው፤ ቁልቁለቱን እየወረደ።

የመንደሩ ሰው ግጭቱን ሰምቶ ወጣ። እማማ የውብዳርም ቅርብ ናቸውና መጡ። አዳሙ ነፍሱ ገና አልወጣችም። እጃቸውን ይዞ ሁሉንም ነገራቸው፤ ድንጋዩን፣ አሜኑን፣ ልጃቸውንም። እኔም የሰማሁት እዚያ ከነበሩት ሰዎች ነው። እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ አላቸው።

እሳቸውም ራሱን አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉት።

«ስንሻው ቅድም መጥቶ ነግሮኛል» አሉት። «ይመጣልና ማሪው አለኝ። ለእግርህ ውሃ ጥጄ፣ በሩን ከፍቼ ቆሜ ነበር። የመኪናህ መብራት ወደ ቀኝ ሲዞር አየሁት።»

አዳሙ ይህን ሰምቶ ነው የሞተው። እንግዲህ እናንተ ሾፌሮች፣ ዛሬ መንገድ ላይ ድንጋይ ትቶ የመጣ ካለ ተነስቶ ይሂድና ይልቀም። አሁኑኑ። ብቻውን ግን አይሂድ።