ሁለቴ የተነካው ምርጫ

ጀነት ሙንዚርን የወደደችው እየተቆጣችው ነው።

ዘመኑ የኮሮና ነው። ዓረብ አገር፣ ሱራ በሚባል ሰፈር የምትሠራበት ቤት ማዳም የበር መጥሪያ በሰማች ቁጥር ነፍሷ ይወጣል። ሙንዚር ግን በሳምንት ለሦስተኛ ጊዜ ተጫነው። የሰፈሩን ሱቅ ማዘዣ አፕ ጃቫ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፈው እሱ፣ ዕቃውን በሞተር የሚያደርሰውም እሱ ነው።

«አንተ ሰው፣ ‹በር ላይ አስቀምጥ› ብለን አልነበር?» አለችው ጀነት በሩን ከፍታ።

«እህቴ፣ ስልኬ ‹መጥሪያ ተጫን› ነው የሚለኝ። የየቤቱን ምርጫ ሁሉ በአንድ ቁጥር ነው የማስቀምጠው። በር ላይ አስቀምጥ አንድ፣ መጥሪያ ተጫን ሁለት፣ ፌስታል አልፈልግም አራት። የእናንተ ሁለት ነው።»

«ሰው ምርጫውን በነካ ቁጥር ትደምራለህ?»

«አዎ፣ እደምራለሁ።»

ጀነት ከት ብላ ሳቀች። ኮምቦልቻ ስትማር በሒሳብ የሚስተካከላት አልነበረም።

«ማዳም ሁለቴ ሳትነካ አታምንም። አንድና አንድ ሁለት ሆነብህ!»

ሙንዚር ከማስኳ በላይ ያሉትን ዓይኖቿን አተኩሮ አያቸው። ስሟን ጠየቃት፤ እሱም የዚያው አካባቢ፣ የሐይቅ ከተማ ልጅ መሆኑን ነግሯት ሄደ።

ያን ቀን ከአፑ ውስጥ የመደመር ምልክቱን አውጥቶ «ወይም» የምትባለዋን ቀጥ ያለች መስመር ተካ። ከዚያ ወዲያ ምርጫው አሥር ጊዜ ቢነካም ያው አንድ ነው። መጥሪያውም ጸጥ አለ።

«በገዛ እጄ!» አለች ጀነት፣ በሩን የምትከፍትበት ምክንያት ሲጠፋ። ሙንዚር ዕቃውን አስቀምጦ፣ ወደ መስኮቱ ቀና ብሎ አይቷት ይሄዳል። ኮንትራቷ አልቋል፤ ኤርፖርቱ ሲከፈት አገሯ ልትገባ ነው። ዳግመኛ አንድ ቃል ሳይነጋገሩ መለያየታቸው አንገበገባት።

አንድ ቀን የሐምሌ ሙቀት ወተቱን በር ላይ አበላሸው። ጀነት አጋጣሚውን አላሳለፈችም።

«ማዳም፣ በር ላይ ያስቀምጥ፤ መጥሪያውንም ተጭኖ ይራቅ።»

ማዳም ተስማማች። ጀነት ሁለቱንም ምርጫ ነካች፤ ቁጥሩ ሦስት ሆነ።

በማግስቱ ሙንዚር መጥሪያውን ተጭኖ ሁለት ሜትር ራቀ። ጀነት በሩን ከፈተች። ሙንዚር ከኋላዋ የተዘጋጀ ሻንጣዋን አየ።

«ልትሄጂ ነው?»

«ኤርፖርቱ እንደተከፈተ።»

«ጀነት፣ ወድጄሻለሁ። እኔም ኮንትራቴን ጨርሼ እከተልሻለሁ። ቤተሰቦቼ ሽማግሌ ይላኩ? አባትሽ እሺ ይሉ ይሆን?»

«ትናንት ደውዬ አናግሬያቸዋለሁ» አለች ጀነት፣ ዕቃውን እያነሳች። «ሐሙስ ይጠብቋቸዋል። እንዳያረፍዱ ንገራቸው።»