የአሮጊቷ ቀንበጥ

«አጥብቀሽ ያዢው እንጂ። ሽማግሌው እኔ ነኝ፤ የደከመሽ አንቺ» አሉ አያቷ።

ጦጢት በተሰነጠቀው ችግኝ ውስጥ የተሰካውን ቀንበጥ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ፕላስቲኩን በችግኙ ዙሪያ ጠመጠመች።

ቅጽል ስሙ የወጣላት ዛፍ በመውጣት አቻ ስላልነበራት ነው። ትናንት ግን ጦጢት መሬት ላይ ቀረች። መንገዱ ሊሰፋ የሰፈሩ የጋራ ፍራፍሬ እርሻ ሊጨፈጨፍ ስለነበር፣ አያቷ «ከአሮጊቷ ላይ ችግኝ ላይ አጣብቄ የማዳቅለው ቀንበጥ ቁረጪልኝ» ብለው ላኳት። አሮጊቷ የሚሏት በእርሻው ያለችውን አሮጌ የብርቱካን ዛፍ ነው። የሰፈሩ የመጀመሪያ ገበሬዎች በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ያመጧት፣ ሌላ ቦታ ዘሯ የማይገኝ። ለጋ ቀንበጥ ያላት ጫፏ ላይ ብቻ ነው፤ እሾኋ ደግሞ ምሕረት አያውቅም።

«አታካብጂ» አለቻት ጓደኛዋ ስልኳን እየነካካች። «ከዚችኛዋ ቁረጪና እንሂድ። ብርቱካን ያው ብርቱካን ነው፤ ማን ያውቅብሻል?»

ጦጢት ከጎን ካለችው፣ ከተራዋ ብርቱካን ቆረጠች። አያቷ ዓይናቸው ቢደክምም ቅጠል አሽትተው ዛፍ ይለያሉ። ቀንበጡ ግን፣ የማዳቀል ደንብ ነውና፣ ቅጠሉ ተለቅሞ ራቁቱን ነበር።

ዛሬ ጠዋት መጋዙ ሲጮኽ ሁለቱም ሰሙ። አሮጊቷ ወደቀች።

«ጎረቤታችን እንኳ፣ ያ ደረቅ፣ አጥር ሥር ቆሞ አፍንጫውን ሲጠርግ ነበር» አሉ አያቷ ቢላዋቸውን እየወለወሉ። «እኔ አላለቀስኩም። ጦጢቴ እያለችልኝ ምን ብዬ?»

ችግኙ እስኪያፈራ ዓመታት አሉ። ዝም ብትል አያቷ ሳያውቁ ደስ እንዳላቸው ይሞቱ ይሆናል።

የጠመጠመችውን መፍታት ጀመረች።

«ምን ሆነሻል?»

«ከሷ አይደለም የቆረጥኩት፣ አባባ። ከጎኗ ካለችው ነው። አልወጣሁም።»

አያቷ ቢላዋውን አጥፈው ዘጉት። እንደ ልማዳቸው ተረብ ይወጣቸዋል ብላ ጠበቀች፤ አልወጣቸውም።

«አሮጊቷን የት ጣሏት?»

«እንጨት ፈላጩ ግቢ። ዛሬውኑ ይቆራርጣታል።»

«ፀሐይ ላይ?»

«አዎ፣ ፀሐይ ላይ።»

ቢላዋውን አቀበሏት፤ ፊቷን ግን አላዩም። «ፀሐይ ያላደረቀው ቀንበጥ ካገኘሽ ቅጠሉን እንዳትለቅሚው። ራሴ ላሽትተው።»

በር ላይ ጓደኛዋ «ወዴት ነው?» ስትላት አልቆመችም። የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቶቿ ስባ እያወረደች፣ ወደ መጋዙ ድምፅ ሄደች።