የጋሼ ነጥብ የመጨረሻ ፀሐይ

ሽማግሌው ወደ ጣሪያው በሚያወጣው የብረት ደረጃ ሥር በጎናቸው ተጋድመው ነበር። መነጽራቸው ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ወድቋል፣ የግራ እግራቸው ጫማ ወልቋል። ማንም እንዳይነካቸው ቢባልም ልጃቸው ሹራቧን አውልቃ አልብሳቸዋለች። የሞተ ሰው እንደማይበርደው አጥታው አይደለም፤ ነርስ ናት። ግን አባቷ ናቸው፣ ሲሚንቶው ደግሞ ይቀዘቅዛል።

ሟቹ ኮረብታው አናት ላይ ባለችው የአየር ሁኔታ ጣቢያ ሠላሳ ሦስት ዓመት ፀሐይንና ዝናብን የመዘገቡ ሰው ነበሩ። ጡረታ ወጥተው እንኳ ከጣቢያው ጀርባ ካለችው አንድ ክፍል ንቅንቅ አላሉም። ከተማው የሚያውቃቸው «ጋሼ ነጥብ» በሚለው ስም ነው። በየቀኑ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ጣሪያው ላይ ይወጡና በቴሌስኮፑ የፀሐይን ምስል ነጭ ወረቀት ላይ ያሳርፋሉ፤ ፊቷ ላይ የሚታዩትን ጥቋቁር ነጥቦች አንድ በአንድ በእርሳስ ይነድፋሉ፤ ከዚያ ወርደው የዝናቡን መጠን ይመዘግባሉ። ማወቅ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፀሐይ ላይ ነጥብ ሲበዛ እኛ ዘንድ ዝናብ ይበዛል ወይስ አይበዛም? ለዚህች ጥያቄ ያልከፈሉት ነገር የለም። ሚስታቸው የተቀበሩ ዕለት እንኳ መጀመሪያ ነጥባቸውን ነድፈው ነው ወደ ቀብሩ የሄዱት። ልጃቸው ይህን ይቅር ለማለት ስንት ዓመት እንደፈጀባት እሷ ታውቃለች።

መርማሪዋ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰች። አጠር ያለች፣ በሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች ሴት ናት። የሥራ ባልደረቦቿ «ቆይ እስቲ» የሚል ስም አውጥተውላታል፤ ሰው ሁሉ ነገሩ አለቀ ብሎ ኮቱን ሲያነሳ እሷ ቆይ እስቲ ማለት ስለማትተው ነው።

የጣቢያው ኃላፊ እጁን እያሻሸ ተቀበላት።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ። «ዛሬ ጠዋት ከተማ ውስጥ የወቅቱን የዝናብ ትንበያ የምናጸድቅበት ስብሰባ ነበረን። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ሁላችንም እዚያ ነን። ጋሼም በአራት ሰዓት ሊናገሩ ተይዞላቸው ነበር፤ ቀሩ። ስድስት ሰዓት ላይ ለዘበኛው ደወልኩ። ወጥቶ ሲያይ ወድቀው አገኛቸው።»

«መቼ ነው የወደቁት?»

«ከሦስት ሰዓት ከሩብ በኋላ ነዋ። የዛሬው ሥዕል ጠረጴዛቸው ላይ አለ፣ ሰዓቱም ተጽፎበታል።»

«ወድቀው ነው?»

ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ እንጃ። ይህንንም ይዩት።»

አንድ ገጽ ወረቀት ነው። በሽማግሌው ቁልጭ ያለ የእጅ ጽሑፍ «ሠላሳ ሦስት ዓመት ተሳስቻለሁ። ይቅርታ እጠይቃለሁ» ይላል። መርማሪዋ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየችው፣ ጥጉንም አየችው፣ ማስታወሻ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው።

ልጅየዋ በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች።

«ራሱን ገደለ ማለታችሁ ነው?» አለች። ያለቀሰችው ቀደም ብላ ነው። ወደ መርማሪዋ ቀረበች። «ለእኔ አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። ትናንት ከሰዓት ደውሎልኝ ነበር። በሽተኛ ይዤ ስለነበር ቆይቼ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁት። ሳልደውል ቀረሁ። አባቴ ትቶኝ ሄዶ እንደሆነ ማወቅ አለብኝ።»

መርማሪዋ ወደ ልጅየዋ ዞረች። እሷም አባት ነበራት። «መቼ ነው የነካሻቸው?» አለቻት ቀስ ብላ።

«ሰባት ሰዓት ላይ። እግሩን ላቃናለት ብል አቃተኝ። መላ አካሉ ደርቋል። አስከሬኑን ያየው ሐኪም ብርዱ ነው አለ። ግን ብርድ...» ንግግሯን አቋረጠች። «ተዉት። ዛሬ የማስበው ሁሉ ትክክል አይደለም።»

ዘበኛው በዕድሜ የገፉ፣ ትከሻቸው የጎበጠ ሰው ናቸው። ዛሬ ጠዋት ኮረብታው ላይ እሳቸው ብቻ እንደነበሩ ያውቃሉ፤ ይህ ምን ማለት እንደሆነም ገብቷቸዋል።

«ጠዋት አይተዋቸው ነበር?»

«አላየኋቸውም ልጄ። ትናንት ማታ ሲያጫውቱኝ ‹ነገ ጭጋግ ነው፣ ሥዕል የለም› ብለውኝ ስለነበር በማለዳ በአቋራጩ ወርደዋል ብዬ ነው ዝም ያልኩት። እንዳሉትም ጭጋግ ሆነ። እስከ አምስት ሰዓት ድረስ የገዛ እግሬን አላየሁም።»

«ምን ጭጋግ?» አለ ኃላፊው ቱግ ብሎ። «ከተማው እንደ መስታወት ጠርቶ ነው የዋለው። ጭጋግ ከነበረ ሥዕሉን ማን ሣለው? ይህ ሰውዬ የሚደብቀው ነገር አለ።»

«አባባ ደንግጠው ይሆናል፣ አትቆጣቸው» አለ አጠገቡ የቆመው ሰው። ይህ የትንበያ ባለሙያው ነው፤ የሟቹ ተማሪ፣ የልጃቸውም ባል። ዓይኖቹ ቀልተዋል። «ትንበያው ግን ጥርት ያለ ሰማይ ነበር።»

መርማሪዋ ወደ እሱ ዞረች። «እስቲ ለእኔ ለማላውቀው ያስረዱኝ። ፀሐይ ላይ ያለ ነጥብ እኛን ያዘንብልናል?»

«ፀሐይ በየአሥራ አንድ ዓመቱ ገደማ ትነቃለች» አለ። ስለ ሥራው ሲናገር ድምፁ ተስተካከለ። «ነጥቧ ይበዛል፣ ጨረሯ ይጠነክራል፣ የላይኛው አየር ይሞቃል። ያ ሙቀት ነፋሱን ገፋ ያደርገዋል፣ ነፋሱ ደግሞ ደመናውን። የጋሼ መዝገብ ሁለት ዙር ሙሉ ይህን አሳይቷል። እኔ የወቅቱን ትንበያ የሠራሁት በዚያ ላይ ነው። ዘንድሮ ፀሐይ ነቅታለች፤ ዝናቡ ቀድሞ ይገባል፣ ገበሬው በዚህ ሳምንት ይዝራ ብለናል። ማታ በሬዲዮ ይነገራል።»

«ሦስተኛው ዙርስ?»

«ምን?»

«ሠላሳ ሦስት ለአሥራ አንድ ሲካፈል ሦስት ነው።»

«እሱ ገና እየተጠና ነው» አለ ባለሙያው።

መርማሪዋ የሽማግሌውን ክፍል ለብቻዋ አየች። የሥዕሎቹ ጥራዞች ግድግዳውን ሞልተውታል። የትናንቱንና የዛሬውን ሥዕል ጎን ለጎን አደረገች፤ ነጥቦቹ ያው ናቸው፣ በአንድ ቀን ጉዞ ያህል ብቻ ወደ አንድ ጎን ፈቀቅ ብለዋል። የዛሬው ላይ፣ ሰማዩ በሚመዘገብበት ቦታ «ጥርት ያለ» ተብሏል። የዝናቡን መዝገብም ገለጠች። በመጨረሻዎቹ አሥራ አንድ ዓመታት ሽማግሌው በቀይ እርሳስ አስምረዋል። ነጥብ በበዛባቸው ዓመታት ዝናቡ ጠፍቷል፣ ነጥብ በጠፋባቸው ዓመታት ጎርፍ ነበር። ከሥሩ እንዲህ ተጽፏል፦ «ፀሐይ እጇ አለበት፣ ግን እጇ ቀላል ነው። ሰው እሷን አምኖ ዘሩን ሊበትን አይችልም።»

ከዚያ ጣሪያው ላይ ወጣች። ከቴሌስኮፑ አጠገብ ከብርቱካን የሚበልጥ የመስታወት ኳስ አለ፤ ከኋላው ሰዓት የተሰመረባት ካርድ ተሰክታለች። ፀሐይ በወጣች ቁጥር ኳሱ ጨረሯን ሰብስቦ ካርዷን ያቃጥላል። ጋሼ ነጥብ በየቀኑ ፀሐይ ስትጠልቅ ለነገ አዲስ ካርድ ይሰኩ ነበር። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ካርዷን ለረጅም ጊዜ አየች፣ አውጥታም ፖስታ ውስጥ ከተተቻት። ስትወርድ የማስታወቂያ ሰሌዳውንና የሰው መግቢያና መውጫ የሚጻፍበትን የበሩን መዝገብ አየች፣ ዘበኛውንም ደግማ አነጋገረች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉንም በሥራ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ኃላፊው ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። ባለሙያው ሚስቱ አጠገብ ተቀምጧል። ዘበኛው ቁጭ በሉ ቢባሉም እንቢ ብለው ቆመዋል።

«ቆይ እስቲ፣ ከሥዕሉ እንጀምር» አለች መርማሪዋ። «ሥዕሉ ጠዋት ፀሐይ ነበረች ይላል። አባባ ጭጋግ ነበር ይላሉ። ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል። እኔ ደግሞ ሦስተኛ ምስክር አገኘሁ።» ካርዷን ጠረጴዛው ላይ አኖረቻት። «ይህች ዘመድ የላትም፣ ማንንም አትፈራም። የተቃጠለው መስመር የሚጀምረው ከአምስት ሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ፀሐይ አልነካቻትም።»

ዘበኛው ግድግዳውን ተደግፈው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

«እንዴት ይሆናል?» አለ ኃላፊው። «ከተማው...»

«ከተማው ታች ነው፣ እኛ ላይ ነን። ጭጋጉ እዚህ አናቱ ላይ ተቀምጦ ነበር። ስለዚህ በሦስት ሰዓት ከሩብ ይህን ሥዕል ማንም ሊሥል አይችልም። የትናንቱ ተገልብጦ፣ ነጥቦቹ የአንድ ቀን ያህል እንዲገፉ ተደርገው፣ ቀድሞ የተሠራ ነው። ነጥብ በቀን ምን ያህል እንደሚሄድ ለክቶ፣ የጋሼን እጅ አስመስሎ መሥራት የሚችል ስንት ሰው አለ?»

«ሁለት» አለ ኃላፊው፣ ካለ በኋላም ደነገጠ። «እሳቸውና... ግን እሳቸው ራሳቸው ሠርተውት ቢሆንስ?»

«እሳቸው ነገ ጭጋግ ነው፣ ሥዕል የለም ብለው ለአባባ ነግረዋል። ጭጋግ እንደሚሆን ያወቀ ሰው የነገን ፀሐይ ምን ብሎ ይሥላል? ይህን የሠራው ሰማዩ እንደሚጠራ እርግጠኛ የነበረ ሰው ነው። ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው የትናንት ትንበያ ‹ነገ ጠዋት ጥርት ያለ ሰማይ› ይላል። የፈረመበት ማን ነው?»

ኃላፊው ዓይኑን ወደ ባለሙያው መለሰ። ሁሉም ፊርማውን ያውቀዋል።

«ሥዕሉ የጠዋት ካልሆነ ሞቱም የጠዋት አይደለም» አለች። «እህቴ፣ አንቺ አውቀሽዋል። ከጠዋት ወዲህ ቢሆን ኖሮ በሰባት ሰዓት እግራቸው እንደዚያ አይደርቅም ነበር። ብርድ ያንን ያዘገየዋል እንጂ አያፋጥነውም። የሞቱት ትናንት ማታ ነው። በበሩ መዝገብ ላይ ኃላፊው አሥራ አንድ ተኩል ላይ ወጥተዋል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ከአርባ የወጣ አንድ ሰው ብቻ አለ። አባባ ደብቀው አይደለም፤ እኔ ደግሜ እስክጠይቃቸው ድረስ ማንም የምሽቱን አልጠየቃቸውም።»

ልጅየዋ ወደ ባሏ አልዞረችም። መርማሪዋን ብቻ ትመለከታለች። «ወረቀቱስ?» አለች።

«ጥጉ ላይ ‹ገጽ አንድ› ይላል። ራሱን የሚያጠፋ ሰው ገጽ አይቆጥርም። ዛሬ ስብሰባው ላይ የሚያነቡት ንግግር መጀመሪያ ነው። የቀሩት ገጾች ተወስደዋል። ዛሬ ቆመው ተሳስቻለሁ፣ ትንበያው ይቅር፣ ሰው ዘሩን አይበትን ሊሉ ነበር። ለአባባ ሌላም ነግረዋቸዋል፤ ሥዕል ስለሌለብኝ በማለዳ ወርጄ ከልጄ ጋር ቁርስ እበላለሁ ብለው። የደወሉልሽ ለዚያ ነው። ትተውሽ አልሄዱም።»

ልጅየዋ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። አባቷን በመለሱላት በዚያው ደቂቃ ሌላውን ሰው እንደወሰዱባት ፊቷ ላይ ይታይ ነበር።

«እርስዎ» አለች መርማሪዋ ለኃላፊው፣ «ሬዲዮ ጣቢያው ጋ ይደውሉ። ዜናው አንድ ሰዓት ላይ ነው።»

ኃላፊው ስልኩን አነሳ። ትንበያው እንደተሰረዘ፣ ገበሬው እንዲጠብቅ፣ ምክንያቱ ነገ እንደሚገለጽ እየተንተባተበ ተናገረ። ስልኩንም ዘጋ።

ያኔ ነው ልጅየዋ ወደ ባሏ የዞረችው። አልጮኸችም።

«ወዲያው ነው የሞተው?»

ባሏ ጉልበቱን አየ። «ወረቀቱን ልቀማቸው ስል ነው» አለ። «ደረጃው አፍ ላይ ነበርን። አልሰጥም አሉ፣ ጎተትኩ፣ ከዚያ ለቀቅኩት። አሥር ዓመት የሠራሁትን በአንድ ጠዋት...»

«የጠየቅኩህ ሌላ ነው።»

«ወዲያው አይደለም።»

«ሥዕሉን ስትሠራ ይተነፍስ ነበር?»

«አዎ።»

«እኔ ቤት ነበርኩ» አለች። «በመኪና ሃያ ደቂቃ ነው። ብትደውልልኝ እደርስ ነበር።»

«ቢድኑ ጠዋት ይናገራሉ ብዬ ፈራሁ።»

ዘበኛው ፊታቸውን አዞሩ። መርማሪዋ ባልና ሚስቱን ልታስቆማቸው ትችል ነበር፣ ግን ይህን የመጠየቅ መብት የእሷ ሳይሆን የልጅየዋ መሆኑ ስለገባት ተወቻቸው።

«አናገረህ?» አለች ልጅየዋ።

«አዎ።»

«ምን አለህ?»

ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። «‹አዳልጦኝ ነው የወደቅኩት በላት› አሉኝ። ‹አንተ መሆንህን እንዳታውቅ፤ አብራችሁ ትኖራላችሁ።›»

«አንተስ ምን አልከው?»

«እሺ አልኳቸው» አለ።

ከዚያ በኋላ የጠየቀው ሰው የለም።