ሁለተኛዋ መርፌ

ከጅዳ በስተደቡብ፣ ፔትሮሚን ከሚባለው ሰፈር ጋራዦች አለፍ ብሎ፣ ለአረፋ የሚታረዱ በጎች የሚቀለቡበት ግቢ አለ። የወሎው ሰው በሽር አንዱን በረት ይጠብቃል፤ ጓደኛው ሙሄ ደግሞ ሌላውን።

ሱዳናዊቷ የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ሰሐር በጎቹን ሁሉ ከትባ ስትሄድ፣ "ከአራት ሳምንት በኋላ እናንተው ትደግሙታላችሁ" ብላ መድኃኒቱን ማቀዝቀዣ ውስጥ ትታላቸው ነበር። ቀኑ ሲደርስ ሙሄ በጎቹን አንድ በአንድ እየያዘ ወጋ። በሽር ግን ከጥላው አልተነሳም።

"አንዴ ተወግተው የለ? ኸላስ፣ በቃ! በከንቱ ማባረር ሥጋቸውን ማቅለጥ ነው።"

"ሐኪሟ ያለ ምክንያት ድገሙ አትልም፣ በሽር።"

"ነፍስ በአላህ እጅ ናት።"

"ናት። መርፌዋ ግን በአንተ እጅ ናት።"

ሳምንት አልፎ ለማድለቢያ የሚሰጣቸው ገብስ ሲጨመርላቸው፣ አንድ ጠዋት በበሽር በረት ሰባት በጎች አንገታቸው ወደኋላ እንደተቆለመመ ሞተው ተገኙ። የሙሄ በጎች ግን ቆመው ያመነዥካሉ። በሽር ደነገጠ፤ ከድንጋጤው ይልቅ ግን ጥያቄው አላስቀምጥ አለው። ዶክተር ሰሐር መጥታ የአንዱን የሞተ በግ ሆድ ስትከፍት አጠገቧ ተቀመጠ።

"ዶክቶራ፣ ሁለተኛዋን አልወጋሁም፤ አጥፍቻለሁ። ግን አንዷ እንዴት አልበቃችም?"

"እህል ሲበዛ አንጀት ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ይራባና መርዝ ይረጫል። የመጀመሪያዋ መርፌ ሰውነትን ከጠላቱ ጋር ታስተዋውቀዋለች፤ የሚያበጀው መከላከያ ግን ጥቂት ነው፣ ቶሎም ይሳሳል። ሁለተኛዋ ስትገባ 'ይህንንስ አውቀዋለሁ' ብሎ እጥፍ ድርብ አድርጎ ያዘጋጃል።"

"በዓይን ይታያል?"

"በላብራቶሪ ይለካል" አለችና ከሁለቱም በረት ደም ቀዳች። በሦስተኛው ቀን ውጤቱን አሳየችው፤ በሙሄ በጎች ደም ያለው መከላከያ ብዙ እጥፍ ነበር። በሽር ወረቀቱን ደጋግሞ አየው።

"እንዲህ የሚሆነው በግ ብቻ ነው?"

"የሰውም ሰውነት እንዲሁ ነው። የሕፃናት ክትባት የሚደጋገመው ለምን ይመስልሃል?"

በሽር ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ሕፃን ልጃቸውን ይዛ ወሎ ለምትገኘው ባለቤቱ ለሚስራ ደወለ።

"የሕፃኗን ክትባት ደገማችሁ?"

"የመጀመሪያው አተኮሳት። እናትህም 'አንዱ ይበቃታል' አሉ፤ ተውኩት።"

"እኔም ይበቃል ብዬ ሰባት በግ ቀበርኩ። አደራሽን ሚስራ፣ ነገ ጤና ጣቢያ ውሰጃት!"

በማግስቱ በሽር የቀሩትን በጎች እየያዘ ሲወጋ ሚስራ ደወለች። "ተወጋች፤ ጤና ጣቢያውን በለቅሶ አናጋችው። ለሦስተኛው ደግሞ ከወር በኋላ ተመለሺ ብለውኛል።"

"አልሐምዱሊላህ፤ ቀኑን ንገሪኝ፣ እኔም ልያዘው" አለ በሽር።

ወገኖቼ፣ በግማሽ የቀረ ክትባት በግማሽ እንደተከደነ ቤት ነው፤ ዝናቡ የሚገባው በቀረው በኩል ነው። "ድገሙ" ስንባል ለምን ብለን እንጠይቅ፤ መልሱን ስናገኝ ግን ቀኑን አናሳልፍ።