ደረቅ ፓምፕ

ሟቹን ከግቢው የውሃ ጉድጓድ ሲያወጡት ገላው ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም። ከበላዩ በገመድ ተንጠልጥሎ የተገኘው የቤንዚን ፓምፕ ጭስ ነው ያፈነው። ግቢው ውስጥ ሚስቱ ብቻ ነበረች ስለተባለ ሰው ሁሉ በጎሪጥ ያያት ጀመር። ባሏን አጥታ ሳታበቃ ታስራ ልጆቿንም ልታጣ መሆኗ ታያት።

«የት ነበሩ?» አለቻት መርማሪዋ፣ ድምፅዋን ዝግ አድርጋ።

«ከቤቱ ጀርባ ችግኝ እየነቀልኩ። የሞተር ድምፅ ሰማሁ፤ ሊሞክረው ነው ብዬ ዝም አልኩ።» እንባዋ ተሟጧል። «አልገደልኩትም። ግን ማን ያምነኛል?»

መርማሪዋ ከጉድጓዱ ወደ ወጣው ፓምፕ ሄዳ ተንበረከከች፤ የውሃ መሙያውን ክዳን ፈትታ ጣቷን አስገባች። ከዚያ ዕቃ ቤት ገብታ ቆየች።

ፓምፕ ሻጩ ተጠርቶ መጣ። ፊቱ ገርጥቷል።

«ይሄ ፓምፕ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ የሚስብ ነው» አለ። «ውሃው ከስምንት ሜትር በታች ከወረደ አቅም የለውም። ድርቁ ሲጠና ውሃው ሸሸባቸው፤ ስለዚህ ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ሸጥኩለት። ለቤት ትንሹ ይበቃል ብዬ ብነግረው አሻፈረኝ ብሎ ለፋብሪካ የሚሆነውን ትልቁን ወሰደ። ዛሬ የወረደው እሱን ከማስገባቱ በፊት ደለሉን ሊጠርግ ነው።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ከአጥሩ ባሻገር የራሱ ጉድጓድና የብርቱካን ተክል አለው።

«ጠዋት ሳልፍ ደህና ነበር» አለ። «ሞተሩ እየሠራ ውሃው በቱቦ ሲንፎለፎል በዓይኔ አይቻለሁ። ከላይ አልስብ ሲለው ራሱ አውርዶት ይሆናል።»

መርማሪዋ ሦስቱንም ጉድጓዱ አፍ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ይህ ፓምፕ መጀመሪያ ሆዱን ውሃ ካልሞሉት አይስብም፤ ልክ ነው?»

«ልክ ነው» አለ ሻጩ።

«ከሳበ በኋላ ቢቆምስ?»

«ውሃው ሆዱ ውስጥ ይቀራል።»

«የኔን ጣት የነካው ግን ደረቅ አቧራ ነው። ሁለቱም ቱቦዎች፣ መሳቢያውም ማስወጫውም፣ ዕቃ ቤት ተጠቅልለው ሸረሪት አድርቶባቸዋል። እንግዲህ ሞተሩ የወረደው ውሃ ሊስብ አይደለም፤ ሊያጨስ ነው። ሟቹ ራሱ ቢያወርደው ቱቦ ይቀጥልበት ነበር። ሚስቱ ድምፅ ሰማሁ አለች እንጂ ውሃ አየሁ አላለችም።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «ያልነበረ ውሃ ያዩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ሲያልፉ በሕይወት ነበር ለማሰኘት።»

ወንድምየው ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ያ ትልቅ ፓምፕ የኔን ጉድጓድ ያደርቀዋል። እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። ልጆቼን ምን ላብላ ስለው ሳቀብኝ።»

ሚስትየው ቀርባ ፊቱ ቆመች።

«ከጉድጓዱ ውስጥ ጠርቶህ ነበር?»

«ጠርቶኛል፣ እትዬ።»

«ምን አለህ?»

ጉድጓዱን ላለማየት ዓይኑን ጨፈነ።

«ላግዘው ብዬ ያወረድኩለት መስሎታል። ‹ጭሱ ሊገድለኝ ነው፤ አንተ ግን እንዳትወርድ› አለኝ።»