መኪና የማያልፍበት መንገድ

ጋኤታን ሩቦ የሞተው እሑድ ጠዋት፣ ከላርዜል መንደር በላይ ባለው ጫካ ውስጥ ነው። አዲሱ አውራ ጎዳና ከተሠራ ወዲህ በዚያ በድሮው አስፋልት ላይ ብስክሌት እንጂ መኪና አያልፍም፤ መግቢያውና መውጫው በግንድ ተዘግቷል። እንዲዘጋ የማዘጋጃ ቤቱን በር ሲያንኳኳ የከረመውም ራሱ ጋኤታን ነበር። አሁን በዚያው መንገድ መሐል በጀርባው ተዘርሯል። ጉሮሮው እስከ አጥንቱ ተበጥሷል። ደሙ ቁልቁለቱን ይዞ ወርዶ ከደረቀው ቅጠል ጋር ረግቷል። ከራስጌው፣ ከአንዱ የባሉጥ ዛፍ ወደ ሌላው፣ የከብት አጥር ሽቦ በመንገዱ አግድም ተወጥሯል።

የወረዳው ፖሊስ መርማሪ ሻምበል ሚሬይ ካስታኜድ ከሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች። አጠር ያለች፣ ሃምሳ የተጠጋች፣ ለመናገር የማትቸኩል ሴት ናት። መጀመሪያ ያየችው ብስክሌቱን ነው። ፊቱን ወደ መንደሩ፣ ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ ወድቋል። ሰንሰለቱ የትኛው የማርሽ ጥርስ ላይ እንዳረፈ አየች። ከዚያ የሟቹን እርቃን ጉልበቶች ተመለከተች፤ ደቃቅ ጠጠር ታትሞባቸዋል፣ ቆዳው ግን አልተላጠም። በመጨረሻ ሐኪሙ ራሱን ቀና እንዲያደርግላት ጠይቃ ማጅራቱን ስታይ ቆየች።

«ይሄ ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?» አለ ሐኪሙ። «እየበረረ መጣ፣ ሽቦው አንገቱን ቀላው።»

ሻምበሏ ሳትመልስ ከታች ጩኸት ተሰማ።

ጩኸቱ የመጣው ከአንሴልም ቪዳላንክ ግቢ ነው። አንሴልም ላሞቹን በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚያሰማራ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ነው፤ ብስክሌተኛ ባየ ቁጥር «አንድ ቀን አንገታችሁን እቀነጥሰዋለሁ» ማለቱን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ሻምበሏ ስትደርስ ሽማግሌው በላሞቹ እበት ላይ ተንጋልሎ አፉ ደም በደም ሆኗል። በላዩ የቆመው የብስክሌት ሱቅ ያለው ሬጂስ ፖማሬድ ነው። በእጁ የጎማ መፍቻ ብረት ይዟል፤ ብረቱ ላይ ደምና ነጭ ፀጉር ተለጥፏል።

«ጣለው» አለች ሻምበሏ።

«ሽቦው የሱ ነው! ሄደው ይዩት፣ ከሱ አጥር የተበጠሰ ነው።»

«ሬጂስ። ብረቱን ጣለው አልኩህ።»

ጣለው። አንሴልም አንድ ጥርስ ከደም ጋር ተፋ።

«ሰው ለመግደል የራሴን ሽቦ የምጠቀም ይመስልሃል፣ አንተ ድንጋይ ራስ?» አለ። «ሌሊቱን ሙሉ ላም ሳዋልድ ነው ያደርኩት። የከብት ሐኪሟን ጠይቋት፣ ጥጃው ከወጣ በኋላ እዚሁ ቁርስ በልታ ነው የሄደችው።»

ሽማግሌውን ሐኪም ቤት ላከችው። በግቢው አጥር ላይ ግን የመንደሩ ሰው መሰብሰብ ጀምሮ ነበር፤ አንዱ «ጎተራውን ማቃጠል ነው» ሲል ሰማች። ሁለት ፖሊሶች በር ላይ አቁማ ሬጂስን ወደ ጥግ ወሰደችው።

«እንዴት አገኛችሁት?»

«እሑድ እሑድ እኔ፣ ጋኤታንና ሉሲል አናት ላይ፣ ከፈረሰው ቤተ ጸሎት ጋ ተገናኝተን በጫካው ቁልቁል እንወርዳለን፤ የምንወጣው በማዶው ጥርጊያ ነው። ዛሬ እሱ ቀረ። ሉሲልም አርፍዳ መጣች። ቀድሞን ወርዶ ይሆናል ብለን ወረድን። ከዚያ...» ፊቱን በክንዱ ጠረገ። «ሉሲል ከብስክሌቷ ዘላ ላዩ ላይ ወደቀች። ላስለቅቃት አልቻልኩም። ደም በደም ሆነች።»

ሉሲል ባስቲድ ከጫካው በላይ ባለው ሜዳ ላይ ፍየል የምታረባ፣ አይብ የምትሠራ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ባሏን ባስቲያንን ከሦስት ዓመት በፊት አውራ ጎዳናው ላይ መኪና ገጭቶ ገድሎት፣ ሹፌሩ አምልጧል። ባስቲያን በብስክሌት ላይ ነበር። ጋኤታን የድሮው መንገድ ለመኪና እንዲዘጋ የታገለው ከዚያ በኋላ ነው። ሻምበሏ ስትደርስ ሉሲል ልብሷን ቀይራ በር ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ማን ይጠላው ነበር?» አለቻት።

«ጋኤታንን? ማንም። ባለቤቴ ከሞተ በኋላ እንጨቴን እንኳ የሚፈልጥልኝ እሱ ነበር።»

«አንሴልምስ?»

«እሱ ሁላችንንም ነው የሚጠላው፣ ሻምበል። ጋኤታን ደግሞ ዳገት ሲወጣ ራሱን ደፍቶ ነው የሚነዳው፤ ሽቦውን በየት በኩል ያየዋል?»

ሻምበሏ ራሷን ነቅንቃ ተነሳች።

የሟች ሚስት ኦዲል ማድ ቤቷ ውስጥ ለሦስቱ ብስክሌተኞች ባቀረበችው ቁርስ ፊት ደርቃ ተቀምጣለች። ዳቦው አልተነካም።

«ዛሬ ከሌላው እሑድ ቀድሞ ወጣ?» አለቻት ሻምበሏ።

«ቀድሞ ወጣ።»

«ለምን?»

«እንጃ።»

«መኪናችሁ የታለ? ግቢው ውስጥ አላየሁም።»

ኦዲል የዳቦውን ቢላ አንስታ መልሳ አስቀመጠች። «መኪና የለንም። ጋኤታን ጠላውና አስወገደው።»

«መቼ?»

«ቆየ» አለች ኦዲል። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልወጣትም።

በማግስቱ ሻምበሏ ሁሉንም ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አንሴልም ፊቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ ሬጂስ ሊያየው አልደፈረም። ኦዲል ጥቁር ለብሳለች። ሉሲል እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀመጠች። ሁለቱ ብስክሌተኞች የሚነዱበትን ጓንት እንዲያመጡ ታዘው ነበር።

«ሽቦው ጋኤታንን አልጠለፈውም» ብላ ጀመረች ሻምበሏ።

«አንገቱን አይተነው የለም እንዴ?» አለ ሬጂስ።

«አይታችኋል። ማጅራቱን ግን አላያችሁም። መንገድ ላይ የተወጠረ ሽቦ ከፊት ይቆርጣል እንጂ ማጅራት አይነካም። የጋኤታን ማጅራት ላይ ሽቦው ተጠላልፎ የነከሰበት ምልክት አለ። ሰው ነው ከኋላ ሆኖ በሁለት እጁ ያነቀው። ከሞተ በኋላ ሽቦውን ወጥሮ አንሴልም ላይ ለጠፈው።»

አንሴልም በፋሻው ውስጥ አጉረመረመ። «ጥርሴን ማን ሊመልስልኝ ነው?»

«ይቆዩ፣ አባቴ። ብስክሌቱ ፊቱን ወደ ታች አዙሯል፤ ሰንሰለቱ ግን ከኋላ ትልቁ ጥርስ ላይ ነው። ሬጂስ፣ እዚያ ጥርስ ላይ ቁልቁለት ይወረዳል?»

«አይወረድም» አለ ሬጂስ ቀስ ብሎ። «እሱ የዳገት ነው። እየወጣ ነበር ማለት ነው?»

«እየወጣ ነበር። ብስክሌቱን ያዞረው ገዳዩ ነው። ሐኪሙም፣ አንተም፣ መንደሩም ሁሉ ሲወርድ ሞተ ብላችሁ ነበር። ሲወጣ መሆኑን የነገረችኝ አንዲት ሴት ብቻ ናት።»

ሉሲል ዓይኗን ከመስኮቱ አልነቀለችም።

«ጉልበቱ ላይ ደግሞ ጠጠር ታትሟል» አለች ሻምበሏ። «ከብስክሌት የወደቀ ሰው ጉልበቱ ይላጣል። ጠጠር የሚታተመው ቀስ ብሎ ለተንበረከከ ነው። ሰው ጫካ መሐል በማን ፊት ይንበረከካል? እዚህ ላይ ነው የመኪናው ነገር ያሳሰበኝ። ቁርጥራጭ ብረት የሚገዛውን ሰው አገኘሁት። መኪናውን የተረከበው ባስቲያን በተቀበረ ሳምንት ነው። የፊት መስታወቱ በሰው ራስ ልክ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ስንጥቁ ውስጥ ፀጉር ነበረበት። አጋዘን ገጨሁ አለኝ፣ እኔም አመንኩት ይላል።»

ሬጂስ ወደ ኦዲል ዞረ። «ታውቂ ነበር?»

ኦዲል ጥቁር ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች።

«ጓንታችሁን ጠረጴዛው ላይ አድርጉ» አለች ሻምበሏ።

የሬጂስ ጓንት በፀሐይ የነጣ፣ በላብ የደረቀ አሮጌ ነው። የሉሲል ጓንት ጣቶቹ ላይ ደም አለበት፤ መዳፉ ግን ገና ያልተሸበሸበ አዲስ ነው።

«አሮጌው የት ሄደ?»

«ተቀደደ።»

«እጅሽን ዘርጊ።»

 ሉሲል ሁለቱን መዳፎቿን ገልብጣ ዘረጋች። በእያንዳንዳቸው ላይ ከዳር እስከ ዳር የሄደ፣ ጠርዙ የጠቆረ ቀይ ሰንበር አለ። ሬጂስ ከወንበሩ ተነስቶ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ለመሟሟቅ ወደ ጫካው ትንሽ ወርጄ ነበር» አለች ሉሲል። «ዳገቱ ላይ ተገናኘን። ወደ አንቺ እየመጣሁ ነበር አለኝ። ከብስክሌቱ ወርዶ ተንበረከከና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ባስቲያንን የገጨሁት እኔ ነኝ፣ ቆሜ አየሁት፣ ገና ይተነፍስ ነበር፣ ፈርቼ ሄድኩ አለኝ። ይተነፍስ ነበር አለኝ! ሦስት ዓመት እንጨቴን እየፈለጠ፣ ገበታዬ ላይ እየበላ። የተበጠሰ ሽቦ ከአጥሩ ተንጠልጥሎ ነበር። ከኋላው ዞርኩ። እጁ መሬቱን ሲቧጥጥ፣ እግሩ ሲፈራገጥ አየሁ። አልለቀቅኩትም። ዝም ካለ በኋላም ብዙ ቆየሁ።»

«ከዚያ የኔን አንገት ለገመድ አቀረብሽ» አለ አንሴልም።

«አዎ» አለች። «እርስዎን አላሰብኩም። ማንንም አላሰብኩም።»

ሻምበሏ ለፖሊሱ ምልክት ሰጠች። ሉሲል ለመታሰር እጇን አጋጥማ ስትነሳ፣ ከትናንት ጀምሮ አንደበቷ የተዘጋው ኦዲል መንገዷ ላይ ቆመች።

«ይቅርታ ጠየቀሽ?»

«‹ሉሲል፣ ይቅር...› ሲል ነው። አላስጨረስኩትም።»

ኦዲል የሉሲልን የቆሰለ መዳፍ ያዘች። ልትመታት ነው ብሎ ሬጂስ ወደ ፊት ተራመደ። አልመታቻትም።

«ሦስት ዓመት እየባነነ ሲጮህ ያደረው እኔ ጎን ነው» አለች። «እሑድ ጠዋት እኔ ነኝ ያስወጣሁት። ሂድና ንገራት፣ ሉሲል ደግ ሴት ናት፣ አስጨርሳ ትሰማሃለች አልኩት።»

 ፖሊሱ ሉሲልን በብብቷ ደግፎ ወደ ውጭ ወሰዳት። በሩ ከተዘጋ በኋላም ልቅሶዋ ከመኪናው ውስጥ ይሰማ ነበር።